ውሃውንም ጻፉት

ውድ ወጣቶች፣

በአንድ በኩል ኬሚስትሪ፣ በሌላ በኩል የሀገር በቀል እውቀት ትምህርት የያዛችሁ ሁሉ፣ የኬሚስትሪ ገምጋሚ ስለ ትምህርት የጻፋችሁትን እንደ ትርፍ ሥራ ሲያይባችሁ፣ የትምህርቱ ደግሞ ክሮማቶግራፊያችሁን (ውህዶችን የለያችሁበትን ሥራ) ዘሎ ሲያልፍባችሁ ትበሳጫላችሁ። ገምጋሚን መውቀስ ቀላል ነው። ክፍተቱ ግን ብዙ ጊዜ ከራሳችን ደብተር ይጀምራል፤ ስለ ተክሉ የምታውቅ የአካባቢው ባለእውቀት ያስረዳችን ነገር በመግቢያው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፍና፣ "ዘዴ" የሚለው ክፍል ከላቦራቶሪው በር ይጀምራል።

እንዶድን ተመልከቱ። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ከዚያ የተነሳው፣ በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፈው የቢልሃርዝያ ምርምር ለእሳቸውና ለባልደረባቸው ለለገሠ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አስገኘ። እምብዛም የማይነገረው የውሃው ነገር ነው። በፍሬው ውስጥ ሳፖኒኑ፣ ማለትም እንደ ሳሙና የሚያረፋው ውህድ፣ የሚገኘው ሁለት የስኳር ሰንሰለት ተሸክሞ ነው፤ በዚህ መልኩ ቀንድ አውጣ አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲያገኝ የራሱ ኢንዛይም አንዱን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፣ ገዳዩም ያኔ ይወጣል። በውሃ ፋንታ በሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) ብታወጡት ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጀምር ይቀርና "እንዶድ አይሠራም" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። መውቀጡና መዘፍዘፉ ራሱ የኬሚስትሪ እርምጃ ነው።

ስለዚህ የተነገራችሁን እንደ ላቦራቶሪ ዘዴ ጻፉት። ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ነው የተለቀመው ወይስ ሲቀላ? የደረቀው ጥላ ላይ ነው ወይስ ፀሐይ? ውሃው ቀዝቃዛ ነበር? ስንት ሰዓት ቆየ? "አንድ እፍኝ" ከተባላችሁ እዚያው ሦስት ጊዜ አስዘግናችሁ በሚዛን መዝኑ፤ ከተማ ገብቶ እፍኝ መገመት ዋጋ የለውም። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሰባትና ስምንት ዓመት ተምታቶ ያለቀሱ አሉ። ስሙንም በተነገራችሁ ቋንቋ አስፍሩ፣ እንዶድ፣ ሀንዶዴ፣ ሽብቲ። አበባና ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሃል ተጭኖ ይድረቅና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ) ይቀመጥ፤ ናሙናው ከሌለ የትኛውን ተክል እንደመረመራችሁ ማንም አያረጋግጥላችሁም።

ትምህርት ቤት ስትወስዱት የአረፋ ሙከራ ይበቃል። ዱቄቱን በውሃ አርሳችሁ አጥሉት፣ የተጠለለውን በሙከራ ቱቦ 15 ሰከንድ ናጡት፣ 15 ደቂቃ አቆዩት፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አረፋ ከቀረ ሳፖኒን መኖሩን ያመለክታል። አረፋ ግን የመግደል ማስረጃ አይደለም፤ ሰንሰለቱ ያልተቆረጠውም ያረፋል። ይህን ልዩነት ተማሪው ራሱ ቢደርስበት ከአንድ ሳምንት ገለጻ ይሻላል። የቀንድ አውጣውን ሙከራ ለላቦራቶሪ ተዉት፤ ከወንዝ የመጣ ቀንድ አውጣ ቆዳ የሚበሳ የቢልሃርዝያ እጭ ሊለቅ ይችላል። እዚያም ቀንድ አውጣውን 24 ሰዓት በእንዶዱ ውሃ፣ ከዚያ 24 ሰዓት በንጹሕ ውሃ አቆዩት፣ ምክንያቱም ቅርፊቱ ውስጥ የተሸሸገው የሞተ ይመስላል። ንጹሕ ውሃ ብቻ ያገኘ ማነጻጸሪያ አይጥፋ። ትርፉን ወንዝ ውስጥ አትድፉ፣ ዓሣ ይጨርሳል።

የጻፋችሁትን ዘርዝሩ ስትባሉ በዘርፍ አትክፈሉት፤ በጥያቄ አደራጁት። በአንድ ተክል ሥር የኬሚስትሪው ጽሑፍ፣ የክፍል ትምህርቱና ለማኅበረሰቡ በቋንቋው የመለሳችሁት ገጽ ጎን ለጎን ይቀመጡ። ፈቃዱንም በቀኑ አያይዙ፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ እውቀትን ፈቃድ ሳይገኝ መውሰድን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን ዜብራ መስል በተባለው ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳ ላይ ለመጠቀም በፓተንት ሲያስመዘግብ፣ የፈልሳፊዎቹ ዝርዝር ውስጥ አጣቢዎቹ አልነበሩም።

ስማችሁንም ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ በአንድ መልክ ጻፉ። የውጭ መጽሔቶች የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይይዙታል፤ ከእንዶድ የወጣው ውህድ ለማቶክሲን የተባለውም በዚሁ ነው። ባለእውቀቶቹም ስማቸው እንዲወጣ ከፈቀዱ በሙሉ ጻፉት። "አንዲት የአካባቢው ነዋሪ" የሚለው ላልፈቀዱት ይቆይ።