ሰሌዳውን አነባለሁ፣ ሰውየው ግን አይታየኝም

ጥያቄ፦ 54 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው አዳማ ነው። ማታ ስነዳ፣ በተለይ ካፊያ ካለ፣ ጥቁር የለበሰ እግረኛ አጠገቤ ካልደረሰ አይታየኝም። ባለፈው ወር አንዱን ለጥቂት ሳልገጨው ቀረሁ። ደንግጬ ተመረመርኩ፤ የዓይን መመርመሪያውን የፊደል ሰሌዳ እስከ ታች አነበብኩና «ዓይንዎ ደህና ነው» ተባልኩ። ታዲያ ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ እንኳን ተረፋችሁ! ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። ሰሌዳው የሚለካው ምን ያህል ትንሽ ነገር መለየት እንደሚችሉ ብቻ ነው። የሆላንዱ የዓይን ሐኪም ስኔለን በ1862 (እ.ኤ.አ.) ካዘጋጀው ጀምሮ ፊደሉ ጥቁር፣ ወረቀቱ ነጭ ነው። መንገድ ላይ ማን እንዲህ ጎልቶ ይቆምልዎታል? ሰውየው ትልቅ ነው፤ ጃኬቱ ግን ከእርጥብ አስፋልት ብዙም አይለይም። ይህን ደብዛዛ ልዩነት የማየት አቅም ሐኪሞች ኮንትራስት ሴንሲቲቪቲ ይሉታል።

ሬቲናችን (ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ክፍል) አንዱን ቦታ ከጎረቤቱ ጋር እያነጻጸረ ነው የሚሠራው። ለዚህ ነው ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ጥላ ግድግዳውን ሙሉ ቢሸፍንም ልብ የማንለው። ካምቤልና ሮብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 (እ.ኤ.አ.) ይህን በግራጫ መስመሮች ለክተውታል። ደብዝዘውም በቀላሉ የሚታዩን መካከለኛ ስፋት ያላቸው ናቸው፦ እጅዎን ዘርግተው የትንሿ ጣትዎ ወርድ ላይ ከ3 እስከ 5 ጥንድ ጥቁርና ነጭ መስመር ቢሰመር እንደማለት። ከዚያ የቀጠነው ካልደመቀ አይታይም፤ የሚገርመው፣ ከዚያ በጣም የሰፋውም እንደዚያው ነው። ጨለማ ሲሆን ደግሞ አቅሙ ለሁላችንም ይቀንሳል።

በእርስዎ ዕድሜ መጀመሪያ የምጠረጥረው የዓይን ሞራ ነው። ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ትንሽ ሲደፈርስ፣ ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት ዓይን ውስጥ ይበተንና ልክ ጉም እንደያዘው የመኪና መስታወት ሁሉን ነገር ያለብሰዋል፣ ሰሌዳው ግን ደማቅ ክፍል ውስጥ አሁንም ይነበባል። ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) እና ስኳርም እንዲህ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ሳይመረመሩ መገመት አያዋጣም።

ተመልሰው ይሂዱና ያጋጠመዎትን ልክ ለእኛ እንደጻፉት ይንገሯቸው። መጠናቸው እኩል ሆኖ እየደበዘዙ የሚሄዱ ፊደሎች ያሉበት ፔሊ ሮብሰን የሚባል ሰሌዳ አለ፤ ካላቸው በእሱ ይታዩ። ከሌላቸውም የዓይንዎን ብሌን በጠብታ አስፍተው ሌንሱንና ሬቲናውን ይዩልዎት። እስከዚያው የመኪናውን መስታወት ከውስጥም ያጽዱት፣ ቤት ውስጥ የደረጃውን ጠርዝ ነጭ ቀለም ይቀቡት። ማታ ግን እባክዎ መሪ አይያዙ፣ ሌላ ሰው ይንዳልዎት።