ልጄ የፕላስቲክ አውሮፕላን ሲገጣጥም ራሱን ያመዋል፤ ከሙጫው ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የ13 ዓመት ልጄ የፕላስቲክ አውሮፕላን መገጣጠም ይወዳል፤ አሁን የያዘው ቦይንግ 787 ነው። ሙጫው ቀጭን ፈሳሽ ነው፣ ክዳኑ ላይ ብሩሽ አለው። ብርድ ስለሆነ መኝታ ቤቱን ዘግቶ ሲሠራ ያመሻል። ሽታው ኮሪደር ድረስ ይመጣል፣ እሱም ራሴን አመመኝ ማለት ጀምሯል። አብራው የምትተኛው ታናሽ እህቱ አስም አለባት። አዲስ አበባ ማስቲሽ የሚስቡ ልጆች እያየሁ ስላደግሁ በጣም ደነገጥሁ። ለጊዜው ወተት እየሰጠሁት ነው። ሙጫውን ልጣለው?

መልስ፦ እህቴ፣ አይጣሉት። ግን ከዛሬ ጀምሮ ሙጫው ከመኝታ ቤት ይውጣ፤ በተለይ አስም ያለባት ልጅ እዚያ እየተኛች።

ይህ ሙጫ ፕላስቲኩን ራሱን ያሟሟዋል። ሁለቱ ጠርዞች ለስልሰው ይዋሃዳሉ፣ ፈሳሹ ደግሞ ተንኖ ይወጣል። መስኮቱ ከተዘጋ የተነነው ሁሉ ልጁ የሚተነፍሰው አየር ውስጥ ይቀራል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የሚያመጣው ይኸው ነው። ሽታው ጠፋ ብሎ መረጋጋትም አይቻልም፣ አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡት። ብዙ ልጆች የሚጠቀሙበት ታሚያ የሚባለው ኩባንያ ባለ አረንጓዴ ክዳን ሙጫ አሴቶንና ቡቲል አሲቴት ነው፤ ሁለቱም ከጥፍር ቀለምና ከማስለቀቂያው የምናውቃቸው ናቸው። ሜቲሊን ክሎራይድ ወይም ዳይክሎሮሜቴን የሚል ካገኙ ግን እሱን ያስወግዱት። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚቀየር ነገር ነው፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም በ2024 ለሸማች እንዳይሸጥ የሚከለክል ደንብ አውጥቷል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ነገር ይስተካከላል። ልጁ ሁለቱን ቁራጮች ሙጫ ሳይነካቸው ይግጠማቸው፣ በጣቱ ይያዛቸው፣ ብሩሹን በጠርሙሱ አፍ ላይ ጠረግ አድርጎ ጫፉን ብቻ መጋጠሚያው ላይ ያስነካ። ፈሳሹ በራሱ በመስመሩ ውስጥ ሮጦ ይገባል፣ መቀባት አያስፈልግም። ጣቱ መጋጠሚያው ላይ ካረፈ ፈሳሹ ከጣቱ ሥር ገብቶ ክንፉ ላይ አሻራ ይቀርጻል፣ ቆዳውንም ያደርቀዋል። ከዚያ ክዳኑን ወዲያው ይዝጋ፤ በእያንዳንዱ ንክኪ መሃል። ክፍሉን የሚሞላው ክንፉ ላይ ያረፈችው ጠብታ ሳትሆን ሲያመሽ ተከፍቶ የሚቀመጠው ጠርሙስ ነው።

መስኮት ይከፈት፣ ቬንትሌተር ካለ ወደ ውጭ እንዲነፍስ ተደርጎ ይቀመጥ። ብርዱን ጃኬት ይችለዋል። የኮቪድ ጊዜ ማስኮች፣ ኤን 95ን ጨምሮ፣ ለዚህ አይሠሩም፤ ብናኝ ይይዛሉ እንጂ ትነት አያስቀሩም። ቤዝመንት ይውረድ ብለው ካሰቡ ደግሞ ቦይለሩና የማሞቂያው እሳት እዚያ እንዳይሆን። የአሴቶን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ መሬት መሬቱን ይሄዳል፣ በቀላሉም በእሳት ይያያዛል።

ወተቱ ለአጥንቱ ጥሩ ነው፣ ይጠጣ። ቀለም ቀቢዎችም ጋራዥ የሚሠሩትም ያጥባል ብለው ይጠጡታል፣ ግን ትነቱ የገባው በሳንባ ነው፣ ወተት እዚያ አይደርስም። የሚጠቅመው ንጹሕ አየር ነው።

ስለ ማስቲሹ ፍርሃትዎ ይገባኛል። ሙጫ ሆን ብሎ መሳብ ገና በመጀመሪያው ጊዜ እንኳ ልብን አዛብቶ ሊገድል ይችላል። ግን ከጻፉልኝ ነገር ውስጥ ያንን የሚያሳይ አላየሁም። ሙጫ የነካ ጨርቅ ወይም ፌስታል ተደብቆ ቢያገኙ፣ አፉ ዙሪያ ሽፍታ ቢወጣ፣ ሲናገር ቢንተባተብ ያን ጊዜ ሳይቆጡ ያናግሩት፣ ሐኪምም ያሳዩት።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በብርድ ወቅት በተዘጋ ቤት ራስ ምታት ሲመጣ እኛ ሐኪሞች መጀመሪያ የምናስበው የማሞቂያውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለውም፣ ይገድላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያው እንደሚሠራ ዛሬውኑ ይሞክሩት። እርስዎንም ልጅቷንም አብሮ ራሳችሁን ካመማችሁና ውጭ ስትወጡ የሚቀላችሁ ከሆነ፣ ሁላችሁም ከቤት ወጥታችሁ 911 ደውሉ።

ሙጫው ዓይኑ ውስጥ ቢረጭ ለብ ባለ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብና ሐኪም ይየው። ቢውጠው እንዲያስመልሰው አያድርጉ፣ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ለመርዝ ማዕከሉ በ1-800-222-1222 ይደውሉ፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ። ሙጫውን ባልነካበት ቀንም ራሱን ካመመው፣ ወይም ጠዋት ሲነሳ ከራስ ምታት ጋር ካስመለሰው፣ ጥፋቱን ሙጫው ላይ ሳትጥሉ ቶሎ ወደ ሐኪሙ ውሰዱት።