ትኩሳት ሳያመጣ የሚገባው የጉበት ቫይረስ

ጥያቄ፦ ለሌላ ጉዳይ ደሜን ስመረመር «ሄፓታይተስ ቢ አለብህ» ተባልኩ። ዓይኔ ቢጫ ሆኖ አያውቅም፤ የጉበት ኢንዛይሜም ልክ ነው። ጉንፋን እንኳ የሚያንቀጠቅጠው ሰውነቴ ይህን እንዴት ዝም አለው? ሄፓታይተስ ሲስ እንዲሁ ነው?

መልስ፦ ዝም ያለው ስላላየው ነው። ጉንፋን ሲይዝዎት የሚያንቀጠቅጥዎት በአብዛኛው ሴሎችዎ «ባዕድ ገባ» ብለው የሚረጩት ኢንተርፌሮንና መሰል የማስጠንቀቂያ ፕሮቲኖች ናቸው። አብሮን የሚወለደው ይህ መከላከያ በሰዓታት ውስጥ ይነሳል፤ ግን ምልክት ይፈልጋል። ዋናው ምልክት በሴሉ ውስጥ ተራቁቶ የተገኘ የቫይረስ ዘረመል ነው።

ሄፓታይተስ ቢ ይህን አያሳይም። ዲ ኤን ኤውን በጉበት ሴል ኒውክለስ ውስጥ እንደ ቀለበት ገጥሞ ያስቀምጣል። ከዚያ የሚወጣው አር ኤን ኤ የሴሉን የራሱን መልእክት ይመስላል፤ አዲሱ ዲ ኤን ኤም የሚሠራው በፕሮቲን ቅርፊት ተሸፍኖ ነው።

ሲ ግን ይታያል። ሪግ-አይ የተባለ ፕሮቲን አር ኤን ኤውን ይለይና ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ላይ ለተተከለው ማቭስ ለተባለ ደወል አስተላላፊ ፕሮቲን ያስተላልፋል። ቫይረሱ የራሱን ረጅም ፕሮቲን የሚቆራርጥበት ኤን ኤስ 3/4ኤ የተባለ ኢንዛይም አለው፤ በዚያው ማቭስንም ከሥሩ ይቆርጠዋል። ጠባቂው ሌባውን አይቶ ደወሉን ሲስብ ገመዱ እጁ ላይ ቀረ ማለት ነው። (የሚገርመው፣ ሄፓታይተስ ኤም ማቭስን ይቆርጣል፤ ሆኖም ሰውነት ያጸዳዋል። መቁረጡ ብቻውን ሕመሙን ሥር አያሰድደውም።)

ወደ ኢንዛይምዎ እንመለስ። ጉበትን በአብዛኛው የሚጎዳው ቫይረሱ ሳይሆን ዘግይተው ደርሰው የተያዙትን ሴሎች የሚገድሉት ቲ ሴሎች የተባሉ የመከላከያ ሴሎች ናቸው፤ ኤ ኤል ቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይም በደም ውስጥ የሚጨምረውም ያኔ ነው። ልክ መሆኑ ዛሬ ውጊያ እንደሌለ እንጂ ቫይረሱ እንደሌለ አይነግርዎትም። ስለዚህ የቫይረሱን ዲ ኤን ኤ መጠን ያስለኩ፤ የቢ አንቲጅን (የቫይረሱን የገጽ ፕሮቲን) ምርመራውን ከ6 ወር በኋላ ይድገሙት። ያኔም ከተገኘ ሥር የሰደደ ይባላል። ካንሰር መድኃኒት ወይም ስቴሮይድ ቢታዘዝልዎ አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መከላከያው ሲዳከም ቫይረሱ ይባዛል፣ ሲያገግም ደግሞ ጉበቱ ላይ ይዘምትበታል። የቢ መድኃኒት ከጀመሩም በራስዎ አያቋርጡ። «መከላከያ ያጠነክራል» እየተባለ ለሚሸጥ ነገር ገንዘብዎን አያውጡ፤ ችግሩ የጉልበት ብቻ ሳይሆን ያለማየትም ነው።

ለሲ፣ ፀረ እንግዳ አካል መገኘቱ ቫይረሱ አሁን አለ ማለት ስላልሆነ አር ኤን ኤ ይመርመር። ከተገኘ ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሚዋጠው ኪኒን ከ100 ታማሚ ከ95 በላዩን ያድናል። ከኪኒኖቹ አንዳንዶቹ የሚያስሩት ያንኑ መቁረጫ ኢንዛይም ነው።