ማይነር ሊግ ቤዝቦል ከልጆች ጋር፦ በሩ ሲከፈት ድረሱ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ለሌሎቹም እንዲጠቅም ባጭሩ ልድገመው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖሩት፤ የ8 ዓመቱ ልጅሽ በትምህርት ቤቱ የንባብ ፕሮግራም ሁለት የነፃ የማይነር ሊግ (ከዋናው ሊግ በታች ያለው) የቤዝቦል ቲኬት ተሸልሟል፤ አንቺም ባለቤትሽም ጨዋታውን አታውቁትም፤ የ4 ዓመት ልጅና ከአገር ቤት የመጡ እናትሽም አብረዋችሁ ይሄዳሉ። የት እንቀመጥ፣ ምን እንያዝ፣ ስንት ያስወጣናል ነው ያልሽው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ። ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ጨዋታው የሚጀመርበት ነው እንጂ የእናንተ መድረሻ አይደለም። በሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይከፈታል፣ ለልጅ የማይነር ሊግ ጣዕሙ ያለውም በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። የእኛ ሰው ግን ከሥራ መልስ ልጆቹን አብልቶ ሁለተኛው ኢኒንግ (ከጨዋታው ዘጠኝ ዙሮች ሁለተኛው) ላይ ይደርሳል፤ ያኔ ተጫዋቾቹን በቅርብ የማየቱ ዕድል አልፏል፣ የምግቡም ሰልፍ ረዝሟል።

ሰዓትን ካነሳን አይቀር፣ እናትሽ በአገር ቤት አቆጣጠር ስለሚያስቡ ይህን ልብ በይ። የአዘቦት ጨዋታ ብዙ ጊዜ 7፡05 ፒኤም ይላል፣ ከምሽቱ 1፡05 ማለት ነው። የእሑዱ ደግሞ ብዙ ቦታ 1፡05 ፒኤም ነው፣ ከቀኑ 7፡05። ቁጥሮቹ ተገላብጠው ስለሚመጡ ለቤተሰብ ስትነግሪ ቀን ወይም ማታ ብለሽ ጨምሪበት።

አሁን ስለ ሊጉ። ማይነር ሊግ ለትልልቆቹ ክለቦች ተጫዋች የሚያፈራው መሰላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 እንደገና ሲደራጅ 120 ቡድኖች ቀሩ፤ 30ዎቹ ትልልቅ ክለቦች እያንዳንዳቸው አራት አራት አላቸው፦ ከታች ወደ ላይ ሲንግል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ። የነፃ ቲኬቱ የየትኛው ቡድን እንደሆነ አልጻፍሽም፤ ለእናንተ ቅርቡ ግን ቦዊ ያለው ቼሳፒክ ቤይሶክስ ነው፣ ከትልልቆቹ ክለቦች አንዱ የሆነው የባልቲሞር ኦሪዮልስ ደብል ኤ። እስከ 2024 ቦዊ ቤይሶክስ ይባል ስለነበር የቆየ መረጃ ስትፈልጊ በድሮው ስሙ ታገኚዋለሽ። ተጫዋቹ ጋነር ሄንደርሰን በ2022 እዚያ ተጫውቶ በዚያው ዓመት ወደ ኦሪዮልስ አደገ። ወደ ቨርጂኒያ ከወረዳችሁ ፍሬድሪክስበርግ ናሽናልስ አለ፣ የዋሽንግተኑ ትልቅ ክለብ ሲንግል ኤ፤ ኋላ ወደ ዋሽንግተን ያደገው ጄምስ ውድም በ2022 እዚያ ነበር። ወደ ሰሜን ፍሬድሪክ ውስጥ ኪስ (Keys፣ በእንግሊዝኛ “ቁልፎች”) የሚባለው ቡድን አለ። ስሙ የመጣው የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም ከጻፈው ከፍራንሲስ ስኮት ኪ ነው። ሰውየው የተቀበረው ከስታዲየሙ አጠገብ ነው፤ ተመልካቹም በሰባተኛው ኢኒንግ የመኪና ቁልፉን እያንኳኳ ይደግፋል። የ4 ዓመቷ ልጅሽ ይህን ትወደዋለች።

መንገዱን አትናቂው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ቦዊ የሚወስደው ሩት 50 በበጋ ወደ ባሕር ዳርቻ በሚሄደው ሕዝብ ይጨናነቃል። ወደ ፍሬድሪክስበርግ የሚወርደው አውራ ጎዳና 95ም ከዚያ ቢብስ እንጂ አይሻልም። ለመጀመሪያ ጊዜ ማክሰኞን ወይም እሑድን ምረጡ። አንድ እንግዳ ቡድን መጥቶ ከማክሰኞ እስከ እሑድ ስድስት ጨዋታ ያደርጋል፣ ሰኞ ዕረፍት ነው፤ ስለዚህ የማክሰኞው ከዓርቡ የሚያንሰው በርችትና በሕዝብ ብዛት እንጂ በጨዋታው አይደለም።

የንባብ ፕሮግራም ቲኬት ብዙውን ጊዜ መግቢያ ሳይሆን ኩፖን ነው፤ በመስኮት ወይም በኮድ ኢንተርኔት ላይ በወንበር ቲኬት መለወጥ አለበት። ጀርባውን አንብቢ፣ ርችት ያለበትን ቀን የማይጨምር ይኖራል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው የልጆቹን ኩፖን ብቻውን ለውጦ የወላጆቹን ቲኬት ለብቻ ሲገዛ ነው፤ ወንበራቸው ይለያያል። አምስቱንም በአንድ ጊዜ፣ ከተቻለ መስኮቱ ላይ ሄዳችሁ አውጡ፤ ኢንተርኔት ላይ የሚጨመረውም ክፍያ ብዙ ቦታ ይቀርላችኋል። ስልክ ላይ ስትፈልጊ መጀመሪያ የሚመጣው አትርፎ ሻጭ ሊሆን ስለሚችል የቡድኑን የራሱን ገጽ እስክታገኚ አትክፈይ። ዋጋው በአብዛኛው ከ10 እስከ 25 ዶላር ነው። ሦስት ቲኬት ገዝታችሁ፣ መኪና አቁማችሁ፣ ቀለል ያለ ምግብ በልታችሁ 120 ዶላር ገደማ ያዙ። ብዙ ስታዲየም ጥሬ ገንዘብ ስለማይቀበል ካርድ አትርሱ።

ወንበር ስትመርጪ የማታ ጨዋታ ከሆነ በሦስተኛው ቤዝ በኩል ያለውን ውሰጂ (ቤዝ ሯጩ የሚረግጠው የሜዳው ማዕዘን ነው፤ ከመቺው ጀርባ ሆነሽ ስታዪ ሦስተኛው በግራ፣ አንደኛው በቀኝ ነው)። ምክንያቱ ይህ ነው። መቺው ከሚቆምበት ከሆም ፕሌት ወደ ሁለተኛው ቤዝ የሚሄደው መስመር ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ እንዲያይ ደንቡ ይመክራል፤ ሜዳው እንደዚያ ከተሠራ በአንደኛው ቤዝ በኩል የተቀመጠ ሰው የምትጠልቀው ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች፣ በሦስተኛው በኩል ያለው ግን ከጀርባው ትሆናለች። በሐምሌ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው 8፡30 ፒኤም አካባቢ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስቸግር ነገር ነው። ሁሉም ሜዳ ደንቡን ስለማይከተል ስልክሽ ላይ ካርታውን ከፍተሽ አቅጣጫውን እዪ።

ከትንሿ ልጅና ከእናትሽ ጋር ግን ከፀሐዩም በላይ ተመልካቹን ከኳስ የሚከላከለው መረብ ይቀድማል። ከመረቡ ጀርባ ተቀመጡ። ተመትቶ ከመስመር የሚወጣው ፋውል ቦል ወደ 145 ግራም ይመዝናል፣ በሰዓት ከ100 ማይል በላይም ሊመጣ ይችላል። ከመረብ ውጭ ከሆናችሁ ወርዋሪው ኳሱን በያዘ ቁጥር ዓይን ከስልክ መነሳት አለበት። ኳስ ወደ እናንተ ከመጣ ልጅቷን ደረትሽ ላይ አስጠግተሽ ጀርባሽን ስጪ፤ በባዶ እጅ ለመያዝ መሞከር ጣት ይሰብራል።

ወደዚያች አንድ ሰዓት ልመለስ። በር ሲከፈት የመምታት ልምምዱ ብዙውን ጊዜ አልቋል፤ ተጫዋቾቹ ለማሟሟቅ የሚወጡት ጨዋታው ሊጀመር ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ልጅሽ ፊርማ ከፈለገ ባለሜዳው ቡድን ከሚቀመጥበት ጎን፣ አጥሩ ዳር ይቁም። ለኳስ ተራ ሰማያዊ እስክሪብቶ ያዙ፤ ማርከር ቆዳው ላይ ይፈስና በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። ማርከሩ ለካርድና ለፎቶ ነው። የቡድኑን ስም ዝርዝር ከነቁጥሩ ስልክ ላይ ክፈቱና ልጁ ራሱ በስም ይጥራ፤ አባት ሲጠይቅና ልጅ ሲጠይቅ አንድ አይደለም። ብዙዎቹ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክና ከቬኔዙዌላ የመጡ ስለሆኑ “ፖር ፋቮር” ማለት ፈገግ ያሰኛቸዋል። የዕለቱን ወርዋሪ ግን አይጠይቅ፤ ሐሳቡን ሰብስቦ ነው የሚሄደው። ሚሊየነር የሆኑ ሰዎችም አይምሰሉሽ፤ በ2023ቱ ውል የሲንግል ኤ ተጫዋች ዝቅተኛ የዓመት ደሞዝ 26,200 ዶላር ነበር፣ ያውም ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ አድጎ። ለዚህ ይመስለኛል ለልጅ ጊዜ የማይነፍጉት።

ከፊርማው የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። 25 ደቂቃ ገደማ ሲቀር የዕለቱ ወርዋሪ ኳሱን ከሚቀበለው ተጫዋች፣ ከካቸሩ ጋር ወደ ቡልፔን፣ ወደ ማሟሟቂያው ቦታ ይሄዳል። ብዙ የማይነር ሊግ ሜዳ ላይ ይህ ቦታ በጎን መስመር፣ ከተመልካቹ አጥር ሥር ነው። ልጅሽን እዚያ አቁሚው። በሰዓት ከ90 ማይል በላይ የሚበረው ኳስ የፉጨት ዓይነት ድምፅ አለው፤ ጓንቲው ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሳንቃ በሳንቃ የተመታ ይመስላል። ቴሌቪዥን ይህን አያሰማም። ወርዋሪው ቀጥታውን ጥቂት ከወረወረ በኋላ በጓንቲው ለካቸሩ ምልክት ያሳያል፤ ወደ ታች ጠቅ ካደረገው የሚመጣው ከርቭ ነው፣ ወደ ጎን ከጠረገው ወደ ጎን የሚታጠፈው ስላይደር። ከርቩ መንገዱን አጋምሶ ድንገት ይወድቃል። ልጁ ምልክቱን አንዴ ከለየ ኳሱ ሳይወረወር “አሁን ይወድቃል” ማለት ይጀምራል፣ ጨዋታውንም ከእናንተ ቀድሞ ያውቀዋል።

ለእናንተ ይህ ይበቃል፦ አራት ቤዝ ዞሮ የመጣ አንድ ነጥብ ያገኛል፤ ሦስት ስትራይክ (ሞክሮ የሳተው ወይም መምታት ሲገባው ያሳለፈው ኳስ) የደረሰበት ይወጣል፤ አራት ቦል (ከሚመታበት ክልል ውጭ የተወረወረና ለመምታት ያልሞከረው ኳስ) ያገኘ በእግሩ ወደ አንደኛው ቤዝ ይሄዳል፤ ሦስት ሰው ከወጣ ተራው ይለወጣል፤ ሁለቱም ቡድን ተራውን ሲጨርስ አንድ ኢኒንግ ነው፤ ይህ ዘጠኝ ጊዜ ነው። ለወርዋሪው ሰዓት ቆጣሪ ከተደረገ ወዲህ ጨዋታው በአብዛኛው ከሦስት ሰዓት በታች ያልቃል። ልጆቹ አራተኛው ኢኒንግ ላይ መቁነጥነጥ ስለሚጀምሩ ያኔ ወደ መጫወቻው ይሂዱ። ከወንበር መነሳትም ሆነ መመለስ የሚመታው ሰው ተራውን ሲጨርስ ነው።

ስለ ምግብ ጠንቀቅ በሉ። ዓርብና ረቡዕ፣ በነሐሴም ፍልሰታ ሲሆን፣ ለጾመኛ የሚሆነው ለውዝ፣ የሱፍ ፍሬ፣ ያለ ቅቤ የተጠየቀ ፕሬትዘልና ፈንዲሻ ነው። ድንች ጥብሱ ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ። ሆትዶግ የአሳማ ሥጋ ሊኖረው ስለሚችል “ኦል ቢፍ” መሆኑን አረጋግጡ። ምግብ ከውጭ ማስገባት ብዙ ቦታ አይቻልም፤ ያልተከፈተ የውሃ ጠርሙስ ግን የሚፈቅዱ አሉ። ቦርሳም ግልጽ ፕላስቲክ ሆኖ ከ12 በ6 በ12 ኢንች እንዳይበልጥ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፤ የሁለቱንም ደንብ የቡድኑ ገጽ ላይ እዩ። በሚያዝያ ከሆነ ለእናትሽ ጋቢ ያዙላቸው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የብረቱ ወንበር ቅዝቃዜ አጥንት ይገባል።

ርችቱ ዓርብ ወይም ቅዳሜ፣ ጨዋታው እንዳለቀ ነው። ሲያዩት ያምራል፣ ግን ተኩስ ይመስላል። ጦርነት ያለፈበትን ሰው ሳትነግሩት አትውሰዱ፤ ለትንሿም የጆሮ መከላከያ ይኑር።

ከዘነበ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፣ ሜዳውን በሸራ ሸፍነው አንድ ሰዓትም ቢሆን ይጠብቃሉ። አምስት ኢኒንግ ሳይሞላ ከተቋረጠ ቲኬቱን ብዙ ቦታ በሌላ ቀን ይለውጡላችኋል፣ ገንዘብ ግን አይመልሱም። ስለዚህ ቲኬቱን ስልክሽ ላይ አታጥፊው።

እሑድ ከሄዳችሁ ደግሞ ብዙ ቡድን ከጨዋታው በኋላ ልጆችን ሜዳ አስገብቶ ቤዞቹን ያስሮጣል። ሰልፉ ከስምንተኛው ኢኒንግ ጀምሮ ይያዛል፤ ሠራተኞቹን በየትኛው በር እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ለሁለቱም የሚታሰር ጫማ አድርጊላቸው፤ የሜዳው ቀይ አፈር ሰንደል ውስጥ ገብቶ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ያስቆማቸዋል።