ቤቱን ሸጠናል፤ እናቴ ግን ዕቃው አይነካም አለች

ጥያቄ

«38 ዓመቴ ነው፤ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። እማዬ 71 ዓመቷ ነው፤ ጉለሌ ባለው ቤታችን ብቻዋን ትኖራለች። ወንድሜ አሜሪካ ነው፣ ታናሽ እህቴ አግብታ አዳማ ናት። ተመካክረን፣ እማዬም ተስማምታ፣ ቤቱን ሸጠናል። ለእሷ እኔ ሰፈር ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ገዝተናል። ለገዢው ለማስረከብ ሁለት ወር ቀርቶናል። እስካሁን ግን አንድ ክፍል አልጨረስንም። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ቡና ይፈላል። ግን ባዶ የኒዶ ጣሳ፣ የጸበል ጠርሙስ፣ የማይሠራ ቴፕ፣ ጆሮው የተሰበረ ድስት፣ ሁሉንም ‹ይቀመጥ› ትላለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ልዋጭ ጠርቼ አሮጌ ልብሶች ሰጠሁና ሁለት ሳፋ ተቀበልኩ። ከልብሶቹ መሀል የአባዬ ካፖርት ነበረበት። ስትመለስ አወቀች። አልጮኸችም። ‹አባትሽን በሳፋ ለወጥሽው› ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። ወንድሜ በስልክ ‹ሁሉንም ጥለሽ ገላግይን› ይለኛል። እናቴን ዕቃ የማከማቸት በሽታ ይዟት ይሆን? ምን ላድርግ?»

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ እናትሽ ያሉት ነገር ላይ ስደርስ ቆሜ ቀረሁ። «አባትሽን በሳፋ ለወጥሽው።» ስለ ጣሳውና ስለ ቴፑ እንደርስበታለን። ከዚህ ካልጀመርን ግን ወደ ሌላው መሄድ አንችልም።

የሟች ልብስ በእኛ ዘንድ እንዴት ከቤት እንደሚወጣ ታውቂያለሽ። ለነፍሱ ይሰጣል። ለነዳያን፣ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ ለተቸገረ ዘመድ ይሰጣል። የተቀበለው ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎ ይለብሰዋል። እናትሽ ካፖርቱን አራት ዓመት ያቆዩት ለዚያ ቀን ብለው ይሆናል። ወይም ጨርሶ ሊለዩት አልፈለጉ ይሆናል። አንቺም እኔም አናውቅም፤ አልተጠየቁማ። እንደሚመስለኝ በጣም የጎዳቸው ያለ እሳቸው፣ ያለ ምርቃት፣ በዕቃ ተለውጦ መውጣቱ ነው።

ክፉ አስበሽ እንዳላደረግሽው ይገባኛል። ደክሞሻል፣ ቀኑ እየሮጠ ነው፣ ሁሉም ነገር አንቺ ላይ ነው የወደቀው። ቢሆንም ይቅርታው ከካርቶኑም ከአይሱዙውም በፊት ይምጣ። «አሮጌ እኮ ነበር» የሚል ነገር አትጨምሪበት። «እማዬ፣ ሳልጠይቅሽ የአባዬን ካፖርት አወጣሁ። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» በቂ ነው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ «ለአባዬ ነፍስ ምን እናድርግለት?» ምናልባት «አንድ ጋቢ ገዝተሽ ለአንድ ችግረኛ አልብሺ» ይሉሽ ይሆናል። ያሉሽን አድርጊ። ካልመለሱልሽም አትቸኩዪ፤ ኩርፊያው ከጠና የነፍስ አባታቸው ወይም የሚያከብሯቸው ጎረቤት በመሀል ይግቡ።

አሁን ስለ በሽታው ልመልስልሽ። ዕቃን ያለ ልክ ማከማቸት በእርግጥ የሚታወቅ የአእምሮ ሕመም ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ውስጥ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ገብቷል። የዕቃ ብዛት ብቻውን ግን ሕመም አያሰኝም። ሐኪም የሚያየው ሰውየው ዕቃ መለየት ምን ያህል እንደሚያስጨንቀውና ቤቱ አሁንም ለኑሮ ይሆን እንደሆነ ነው። አልጋው ላይ ዕቃ ተከምሮ ሰው ወንበር ላይ ሲያድር፣ ማድ ቤቱ ሞልቶ ምግብ መሥራት ሲያቅት፣ መተላለፊያው ተዘግቶ ሰው ሲወድቅ፣ ያኔ ያሳስባል። አንቺ የጻፍሽልኝ ቤት እንዲህ አይደለም። ቡና የሚፈላበትና ጎረቤት የሚገባበት ቤት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ፦ ልማዱ በቅርቡ የጀመረ ከሆነ፣ ከዚያም ጋር የሰው ስም ወይም ምድጃ ማጥፋት የሚረሱ ከሆነ፣ ሐኪም ይያቸው። የመርሳት ሕመም አንዳንዴ እንዲህ ይጀምራል።

ከዚያ ውጭ ግን እናትሽ የዘመናቸው ሰው ናቸው። ደርግ ሲመጣ ሃያ ዓመት ገደማ የሆናቸው ወጣት ነበሩ። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በራሽን በሚታደልበት ጊዜ ቤት አስተዳድረዋል። በዚያን ጊዜ ባዶ ጣሳ የበርበሬ ማስቀመጫ ነበር፣ የውሃ መቅጃ ነበር፣ የአበባ መትከያ ነበር። «አንድ ቀን ያስፈልጋል» ሲሉ አንድ ቀን በእርግጥ ሲያስፈልግ ስላዩ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ የእሳቸው ትውልድ ብቻ ጠባይ አይደለም። የሥነ ልቦና ምሁሩ ዳንኤል ካነማንና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት የታወቀ ጥናት አለ። ለግማሾቹ ተማሪዎች አንድ አንድ ተራ ኩባያ ሰጧቸውና በስንት እንደሚሸጡት ጠየቋቸው። ሌሎቹን ደግሞ በስንት እንደሚገዙት ጠየቁ። ኩባያውን የያዙት የጠየቁት ዋጋ፣ ሌሎቹ እንከፍላለን ካሉት እጥፍ ገደማ ሆነ። ልብ በይ፣ ኩባያው በእጃቸው ከገባ ገና መቆየቱ አልነበረም። እናትሽ ያንን ድስት ስንት ዓመት ያዙት? ስንት ክርስትና፣ ስንት ፋሲካ ተሠራበት? አንቺ የምታዪው የተሰበረውን ጆሮ ነው፤ እሳቸው ሌላ ነገር ያያሉ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰው ሲሞት እርም እናወጣለን። ለቅሶ አለ፣ ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ቤት ሲለቀቅ ግን ምንም ሥርዓት የለንም። ስም ይዛወራል፣ ቁልፍ ይሰጣል፣ መኪና መጥቶ ይጭናል። እናትሽ እዚያ ግቢ ውስጥ ልጆች ወልደው ድረዋል፣ ባላቸውን ከዚያ ግቢ ሸኝተዋል። እርሙ ያልወጣ ቤት ውስጥ «ይህን ልጣለው?» ብለሽ ብትጠይቂ፣ የሚሰማቸው «ሌላም ሰው እንሸኝ?» የሚል ነው። እኔ ብሆን ካርቶን ከመግዛቴ በፊት አንድ ከሰዓት ለዚህ እተው ነበር። የእድርና የማኅበር ጓደኞቻቸው ይጠሩ። ቡናው በረንዳው ላይ ይፈላ። ስለ ቤቱ ይወራ፤ ማን እንዳሠራው፣ መጀመሪያ ስንት ክፍል እንደነበር፣ ማን የት እንደተወለደ ይነሣ። ካለቀሱ አታባብዪያቸው፤ ያልቅሱ። ስልክሽን አስቀምጠሽ ድምፃቸውን ቅጂ፤ ወንድምሽም ይስማው።

ስለ እድሩ አንድ ነገር ልጨምር። ሰፈር የሚለቁ እናቶች አፍ አውጥተው የማይናገሩት ፍርሃት አላቸው፦ «እዚያ ሰው በማያውቀኝ ፎቅ ላይ ብሞት ማን ይቀብረኛል?» ስለዚህ መዋጮውን እየከፈላችሁ በድሮው እድር እንዲቀጥሉ ከዳኛው ጋር ተነጋገሩ። በአዲሱ ሰፈርም እድር ጠይቁ። ይህ ጉዳይ መልክ ሲይዝ ስለ ጣሳው የሚነሣው ክርክር ይቀልላል ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ ወደ ሥራው ግቡ። «ምን እንጣል?» በሚል ጥያቄ ግን አትጀምሩ። አዲሱን ቤት አብራችሁ ሂዱና በሜትር ለኩ። ቡፌው የት ይቆማል? አልጋውስ? የሥላሴ ሥዕሉ የትኛው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል? መጀመሪያ የሚሄደውን ይምረጡ። የሚሄደው ከታወቀ በኋላ የሚቀረው በራሱ ይታያል፤ ቦታው እንደማይበቃ የሚነግራቸው ሜትሩ ይሆናል፣ ልጃቸው አትሆንም። በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አትሥሩ፤ ጠዋት ቢሆን ይሻላል። ከማድ ቤት ጀምሩ። ፎቶና ልብስ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ በእነሱ የጀመረ ሰው ቀኑን ሙሉ አንድ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ይውላል። መወሰን ያቃታቸውን ዕቃ በአንድ ካርቶን ክተቱና ላዩ ላይ «የእማዬ» ብላችሁ ጻፉበት። አብሮ ይሂድ። ከስድስት ወር በኋላ ራሳቸው ይክፈቱት።

የሚወጣው ደግሞ እንደየክብሩ ይውጣ። የጸበሉ ጠርሙስና ያረጀው የጸሎት መጽሐፍ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ፤ ምን እንደሚደረግበት እነሱ ያውቃሉ። ድስቱን ጎረቤት ሊፈልገው ይችላል፣ እድሩም ሊወስደው ይችላል። ብረታ ብረቱንና የሞተውን ቴፕ ቆራሌው ይውሰድ፤ ግን እናትሽ በዓይናቸው እያዩ፣ ዋጋውንም እሳቸው ተከራክረው። ከፍራሽና ከልብስ ኪስ ውስጥ ሳትፈትሹ ምንም አይውጣ። የእናቶቻችን ባንክ የት እንደሆነ በ2013 ዓ.ም. ብር ሲቀየር ብዙ ቤተሰብ አይቷል። የጋብቻ ወረቀት፣ የአባትሽ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጡረታ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ ሁሉም በአንድ ቦርሳ ሆኖ አንቺ እጅ ይሁን፤ መኪና ላይ አይጫን።

ወንድምሽ «ጥለሽ ገላግይን» የሚለው ጨካኝ ሆኖ አይመስለኝም። ሩቅ ያለ ሰው ዕቃውን አያይም፤ የሚሰማው የአንቺን ምሬት ብቻ ነው። ቢሆንም ንገሪው። የሕግ ሰው ባልሆንም ይህን አውቃለሁ፦ በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ መሠረት በትዳር የተፈራ ንብረት የባልና የሚስት እኩል ነው። እናትሽ እዚያ ቤት ጥገኛ አይደሉም፣ ባለቤት ናቸው። ስለዚህ «ጣዪ» ማለት ለእሱም ለአንቺም አይገባም። ይልቅ በቪዲዮ ይደውል፣ ከልጅነቱ ዕቃ የሚፈልገውን ይምረጥ፣ የመኪናውንና የጫኝ አውራጁን ወጪ ይሸፍን። አዳማ ያለችው እህትሽም ሁለት ቅዳሜ መጥታ ትዋል። ይህን ለብቻሽ መሸከምሽ ልክ አይደለም።

አሁን አንቺን ልጠይቅሽ። አባትሽ ሲያርፉ ለቀስተኛ ያስተናገድሽ፣ ወረቀት ያስጨረስሽ፣ የወራሽነቱን ጉዳይ ፍርድ ቤት ያመላለስሽ አንቺ ነሽ ብዬ እገምታለሁ። የመጀመሪያ ልጅ ነሻ። መቼ አለቀስሽ? ያንን ካፖርት ሳታገላብጪ ከሌላው ልብስ ጋር ጠቅልለሽ የሰጠሽው ችኮላ ብቻ ይሆን? አንዳንዴ ቶሎ የምንጥለው ለማየት የማንደፍረውን ነው። እናትሽ አልለቅም ይላሉ፣ አንቺ ቶሎ ይውጣልኝ ትያለሽ፤ ሁለታችሁም ስለ አንድ ሰው ነው። ይቅርታ ልትጠይቂ ስትገቢ ይህንንም ንገሪያቸው። «እኔም ናፍቆኛል» በያቸው።

የቡናው ዕቃ መጨረሻ ይታሸግ፣ አዲሱ ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ ይፈታ። ስኒዎቹን በጋዜጣ ከምትጠቀልዪ በነጠላቸው ጠቅልዪ። ግቢው ውስጥ ጤና አዳም ካለ ደግሞ ከመልቀቃችሁ ጥቂት ሳምንት አስቀድመሽ አንድ ዘንግ ቁረጪና አፈር ላይ ትከዪ፤ ይያዝልሽ። ለኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ይሆናል። መትከያ አትግዢ። ከእነዚያ የኒዶ ጣሳዎች አንዱን ስጪኝ በያቸው።