«ወንድሜም ጆሮው እንዲሁ ነበር»

ባለፈው ሳምንት ራውንድ ጨርሰን ስንወጣ አንዲት ኢንተርን «ዶክተር፣ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለሌለን ሰዎች አልፖርት ሲንድረምን የመሰለ በዘር የሚወረስ የኩላሊት በሽታ ማጥናት ምን ይሠራል?» አለችኝ። ስቄ አለፍኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ገና ተመርቄ ገጠር የተመደብኩ ጊዜ ነው። አንዲት እናት የ13 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ሽንቱ ይቀላል። በመድኃኒት ጠርሙስ ይዛው መጥታለች፤ ቁርጥ ጥቁር ሻይ። ልጁን «ስትሸና ያምሃል?» አልኩት። እናቱን አየ። ጮክ ብዬ ደገምኩለት። ከንፈሬን ትኩር ብሎ አየና «አያመኝም» አለ። እናቱ ቀበል አድርጋ «መምህሩም ልቡ እዚህ አይደለም ይለዋል» አለች።

እዚያ አንድ ሽማግሌ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ፣ ነበሩ። ከልጁ ጀርባ ቆመው የቁልፍ ዘለላ አንኳኩ። ልጁ ዞር አላለም። «ዶክተር፣ ይሄ ልጅ አይሰማም እኮ» አሉኝ። ደሜ ፈላ። የመጣው ለሽንቱ ነው፣ ጆሮን ምን አመጣው? (እኚህ ሰው ስብራትም ከራጅ በፊት ያውቁ ነበር። አንድም ቀን አመሰግናለሁ ብያቸው አላውቅም።)

ሽንቱ ውስጥ ደምና ፕሮቲን ተገኘ፤ የቢልሃርዚያ እንቁላል የለም። ካርዱ ላይ «የኩላሊት ኢንፌክሽን» ብዬ ጻፍኩ። የ7 ቀን የጄንታማይሲን መርፌም፣ ጀርም ገዳይ፣ አዘዝኩ። እናቲቱ ነጠላዋን አስተካክላ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆም አለች። «ወንድሜም ጆሮው እንዲሁ ነበር። ኋላ ፊቱ አብጦ ነው የሞተብን።» ውጭ ሰልፉ ረዝሟል። «እሺ እናቴ፣ ብቻ መርፌውን እንዳያቋርጥ» አልኳት።

ስለ አልፖርት ሲንድረም በደንብ ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ፣ ስፔሻላይዝ ሳደርግ ነው። የእናት ወንድም። ደንቆሮ። በኩላሊት የሞተ። መጽሐፉን ከድኜ ወጣሁ።

የኩላሊት ማጣሪያ ሽፋን የሚሠራበት ኮላጅን የጆሮም የዓይን ሌንስም ውስጥ አለ። ጂኑ ብዙውን ጊዜ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ እናት ትሸከመዋለች፣ ወንድ ልጅ ላይ ይበረታል። መጀመሪያ አካባቢ የኩላሊቱን ናሙና በተራ ማይክሮስኮፕ ብታዩት ደህና ሊመስል ይችላል። በኤሌክትሮኑ ግን ሽፋኑ አንድ ቦታ ሳስቶ፣ ሌላ ቦታ ወፍሮና ተሰነጣጥቆ ይታያል። ፈረንጆቹ የቅርጫት ሽመና ይሉታል። እኔን የሚመስለኝ ስንደዶው የተበታተነ አሮጌ ሰፌድ ነው።

ደግሞ የሚገርመው የአልፖርት ታሪክ ነው። በሽታው በዘሩ ስለሚወርድ አንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ ሐኪሞቹ ጉትሪ በ1902፣ ኸርስት በ1923 እንደ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ሽንቱ ውስጥ ያለውን ደም አይተዋል። ሐኪሙ አልፖርት በ1927 የጆሮውን አለመስማትና ኩላሊቱን አያያዘ፣ ስሙም ለእሱ ቀረ። እኔ ዘንድ ሁለቱን ያያያዙት እናትና ድሬሰር ነበሩ።

«ብርቅዬ በሽታ አታሳድዱ፣ የሳንባ ምችና ወባ ይበቃችኋል» እያልኩ የማስተምር እኔው ነኝ። አሁንም እላለሁ። ግን ያኔ አንድ ገጽ አንብቤ ቢሆን ኖሮ ያንን መርፌ አላዝም ነበር። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቃቸው አልገባኝም። እናንተ ገጹ ኪሳችሁ ውስጥ አለ፤ ችግሩ ታማሚው እያወራም ስልኩን መነካካታችሁ ነው።

ለጥያቄሽ ልምጣ። የእናትና የእህቶቹን ሽንት ለማየት የሽንት ወረቀት ይበቃል። ጆሮውን አስመርምሪ፣ ዓይኑን አሳዪ። ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ከታየ ኢናላፕሪል የሚባል የደም ግፊት መድኃኒት አለ፤ ርካሽ ነው። አያድንም፣ ግን ኩላሊቱ የሚደክምበትን ቀን ያርቃል። እዚህ አገር የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው ገና በ2015 እንደ አውሮፓውያን ስለሆነ ያኔ ለእነዚያ ሰዎች ጊዜ ማለት ሁሉ ነገር ነበር።

ጄንታማይሲን ኩላሊትም ጆሮም ይጎዳል። ይህን ያኔም አውቅ ነበር፤ ተፈትኜበታለሁ።

ልጁ ለቀጠሮ አልመጣም። ቦታውን ከመልቀቄ በፊት ካርዱን አስወጥቼ አየሁት። ሰባቱም መርፌ ተፈርሞበታል። አንድ ቀን አላቋረጠም።