«አልተገዛንም» ስንል የምንዘላቸው ሰዎች

ሰሞኑን አንዲት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ጣሊያን አዲስ አበባን አምስት ዓመት ይዞ ከነበረ ለምን አልተገዛንም እንላለን? ክፍል ውስጥ ብጠይቅ ባንዳ አሉኝ» ትላለች። እንቅልፍ ነሳችኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ገና አዲስ የታሪክ አስተማሪ ሳለሁ። ያኔ የድል በዓል የሚከበረው መጋቢት 28 ነበር። ሚያዝያ 27 ንጉሡ በ1933 ከተማ የገቡበት ቀን ስለሆነ ደርግ አልፈለገውም፤ የጦርነት ትዝታ ከመንግሥት ጋር እንዲህ ይቀያየራል። ትምህርት ቤቱ አንድ አባት አርበኛ ጋበዘ። ካኪያቸውን ለብሰው፣ ኒሻናቸውን ደርድረው መጡ። ሁላችንም የጦር ሜዳ ወሬ ስንጠብቅ እሳቸው የካቲት 12 ቀን 1929ን ጀመሩ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ጥቁር ሸሚዞቹ፣ የፋሺስት ሚሊሻዎቹ ማለት ነው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲፈጁ እሳቸው ልጅ ነበሩ። ቤታቸው ላይ ቤንዚን አርከፍክፈው ሲለኩሱት እናታቸው እሳቸውን ጎትታ በጓሮ ወጣች፣ ታናሽ እህታቸው ግን... ድምፃቸው ተቆረጠ። መድረክ መሪው ማይኩን ቀስ ብሎ ወሰደና «አባታችን፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው» አለ። ተማሪው አጨበጨበ። ሻይና ዳቦ ሲታደል ፈልጌ አጣኋቸው። የእህታቸውን ስም ሳልሰማ መቅረቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«አልተገዛንም» የሚለውን እምነት በ1888 ዓድዋ ሰጠን። እምነቱ ሲከብር ሲከብር ግን የተገደሉትን ማንሳት ድሉን ማሳነስ መሰለን። ለዓድዋ ሥራ ይዘጋል፣ ፈረስ ይጋለባል። አስራ አንድ ቀን ቀድሞ የሚመጣው የካቲት 12 ላይ ስድስት ኪሎ የሰማዕታቱ ሐውልት ሥር አበባ ይቀመጥና ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል። መንግሥታችን ከጦርነቱ በኋላ ለዓለም ያቀረበው የዚያ እልቂት ቁጥር 30,000 ነው። በግንቦት 1929 ደብረ ሊባኖስ ላይ የተረሸኑትን መነኮሳትማ ስንቱ ያስባቸዋል?

እኔም ብሆን የካቲት 23 ጠዋት ምኒልክ አደባባይ ስቆም እንባዬ ይመጣል፣ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። የዛሬ ልጆች ግን ባንዳን አቀለላችሁት። በቲክቶክ ሐሳቡ ያልጣማችሁን ሁሉ ባንዳ ትላላችሁ፤ ያ ስም በዚያን ጊዜ ቤተሰብ ያፈርስ ነበር።

ለአንቺ መልሴ ይኸው፦ አዎ፣ አምስት ዓመት ተይዘናል። አርበኛው በየዱሩ እረፍት ስለነሳው ግን አገዛዙ አልጸናለትም። ጓደኞችሽን ይዘሽ ስድስት ኪሎ ሂጂ። ሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ሰዎች ቀርባችሁ እዩዋቸው፣ ከዚያ ባንዳ ያሉሽ ልጆች ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።